ዜን ግሬይ

ዜን ግሬይ (የልደት ስሙ ፐርል ዜን ግሬይ፤ ከጥር 23 ቀን 1864 ዓ.ም. እስከ ጥቅምት 12 ቀን 1932 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከጃንዩዌሪ 31 ቀን 1872 እስከ ኦክቶበር 23 ቀን 1939) አሜሪካዊ የልብ ወለድ ደራሲና ስመ ጥር ዓሣ አጥማጅ ነበር። በዓለም ዘንድ የታወቀው ስለ አሜሪካ ምዕራባዊ ግዛቶች፣ ስለ በረሃውና ስለ ከብት ጠባቂዎች በጻፋቸው ልብ ወለዶች ነው። ከሞቱ በኋላ የታተሙት ሲጨመሩ መጻሕፍቱ ከ80 በላይ ናቸው፤ ከ100 በላይ ፊልሞችም ከሥራዎቹ ተወስደው ተሠርተዋል። በዓሣ አጥማጆች ዘንድ ግን ስሙ የሚነሳው በሌላ ምክንያት ነው። በፍሎሪዳ ደሴቶች ዳርቻ ጉልበት በማያልፍ ውሃ ውስጥ የሚመገበውን ቦንፊሽ የተባለ ዓሣ ለብዙ አንባቢ ካስተዋወቁት ቀደምት ጸሐፊዎች አንዱ እሱ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ግሬይ የተወለደው በኦሃዮ ግዛት ዜንስቪል ከተማ ነው። ከተማይቱን የቆረቆረው ኤቤኔዘር ዜን የእናቱ ቅድመ አያት ወገን ነበር። አባቱ ሉዊስ ግሬይ የጥርስ ሐኪም ሲሆን ልጆቹን በዱላ የሚቀጣ ቁጡ ሰው ነበር። ግሬይ በ15 ዓመቱ የመጀመሪያ ታሪኩን ሲጽፍ አባቱ ወረቀቱን ቀዶ ልጁን ገረፈው። ልጁ መጽናኛ ያገኘው ወንዝ ዳር ነው። መዲ ማይዘር የሚባል፣ የከተማው ሰው እንደ ሥራ ፈት የሚቆጥረው አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ነበር። አባቱ ወደ ሽማግሌው እንዳይሄድ ቢከለክለውም ግሬይ ለአምስት ዓመታት ያህል ከጎኑ አልጠፋም። ዓሣ ማጥመድ የአንድ ሰው ሙሉ ሕይወት ሊሆን እንደሚችል ያየው በዚህ ሰው ነው።

ቤተሰቡ ገንዘቡን በማጣቱ በ1889 ወደ ኮለምበስ ከተማ ተዛወረ። ግሬይ እዚያ ያለ ፈቃድ ጥርስ እየነቀለ አባቱን ይረዳ ነበር። በጎን ደግሞ ቤዝቦል ይጫወት ስለነበር የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ በስፖርተኛነቱ የትምህርት ዕድል ሰጠው። ኳስ ወርዋሪ ነበር፤ ነገር ግን በ1893 የቤዝቦል ሕግ ተቀይሮ ወርዋሪው የሚቆምበት ቦታ ወደ ኋላ ሲሸሽ የእሱ ጠማማ ውርወራ ጉልበቱን አጣ፤ ከዚያ በኋላ በሜዳው ዳር ተሰላፊ ሆነ። በ1896 በጥርስ ሕክምና ተመርቆ ኒውዮርክ ውስጥ ክሊኒክ ከፈተ። ሥራውን አልወደደውም። ሌሊት ሌሊት ይጽፋል፤ ሲመቸው ከወንድሙ ከሮመር ጋር ወደ ደላዌር ወንዝ ዓሣ ሊያጠምድ ይሄዳል። በ1902 በመጽሔት የታተመው የመጀመሪያ ጽሑፉም ስለዚሁ ወንዝ ነበር።

ወደ ድርሰት

የመጀመሪያ ልብ ወለዱ «ቤቲ ዜን» በ1903 በግል ወጪ ታተመ፤ የተቀበለው አሳታሚ አልነበረም። መጽሐፉ በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ጊዜ ባሩድ ተሸክማ ወደ ተከበበ ምሽግ ስለሮጠች ዘመዱ የሚተርክ ነው። በ1905 ሊና ኤሊስ ሮትን አገባ፤ እሱ ዶሊ ይላት ነበር። ክሊኒኩንም ዘግቶ በፔንሲልቬኒያ ላካዋክሰን በምትባል የወንዝ ዳር መንደር መኖር ጀመረ። ለመተዳደሪያ የሆናቸው የዶሊ የውርስ ገንዘብ ነው።

በ1907 ቡፋሎ ጆንስ ከተባለው አዳኝ ጋር ወደ ግራንድ ካንየን ተጓዘ። ከጉዞው ሲመለስ የጻፈውን መጽሐፍ ሃርፐር የተባለው ትልቅ አሳታሚ ሳይቀበለው ቀረ። ይሁን እንጂ በ1910 «የበረሃው ውርስ»፣ በ1912 ደግሞ «ራይደርስ ኦቭ ዘ ፐርፕል ሴጅ» ታተሙለት፤ ሁለተኛው እስከ ዛሬ ድረስ ከሥራዎቹ ሁሉ በይበልጥ የሚነበበው ነው። ከዚያ በኋላ ገንዘብ አልቸገረውም። ተቺዎች ገጸ ባሕርያቱ የተጋነኑ ናቸው እያሉ ሲነቅፉት አንባቢው ግን መጻሕፍቱን ይሻማ ነበር። ገንዘቡ የሄደው በአብዛኛው ወደ ዓሣ ነው።

ሎንግ ኪ እና ቦንፊሽ

ከፍሎሪዳ ደቡባዊ ጫፍ ተነስቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚዘረጋ የትናንሽ ደሴቶች ሰንሰለት አለ። ሄንሪ ፍላግለር የተባለው ባለሀብት በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በእነዚህ ደሴቶችና በመካከላቸው ባለው ባሕር ላይ የባቡር ሐዲድ ዘረጋ። ከደሴቶቹ አንዷ በሆነችው ሎንግ ኪ ላይም የባቡር ኩባንያው በኮኮናት ዛፎች ሥር ጎጆዎች ሠርቶ የዓሣ አጥማጆች ማረፊያ ከፈተ። ግሬይ ከ1910ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ክረምቱን (በዚያ አገር ከጃንዩዌሪ እስከ ማርች ያለውን) እዚህ ያሳልፍ ጀመር። ወንድሙ ሮመርም አብሮት ይመጣ ነበር፤ ግሬይ በጽሑፎቹ ውስጥ «አር. ሲ.» እያለ የሚጠራው እሱን ነው።

አብዛኛው እንግዳ በሞተር ጀልባ ወደ ጥልቁ ባሕር ወጥቶ ሰይልፊሽና ሌሎች ትላልቅ ዓሦችን ያጠምድ ነበር። ግሬይም ይህን በሚገባ ያደርገዋል፤ ሰይልፊሽን በቀላል ዘንግ የማጥመድ ልማድ እንዲስፋፋ አስተዋጽኦ አድርጓል። ነገር ግን ደጋግሞ ወደ ሌላ ቦታ ይሳብ ነበር፤ ከደሴቷ ዳር ወዳለው ጥልቀት የሌለው ሜዳ መሳይ ውሃ።

ቦንፊሽ ስሙ እንደሚያመለክተው አጥንታም ዓሣ ነው። ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ትልቁ ከ6 ኪሎ ግራም ሊያልፍ ይችላል። የባሕሩ ውሃ ሲሞላ ከጥልቁ ወደ ዳርቻው ወጥቶ ሸርጣን፣ ሽሪምፕና ትል ይለቅማል፤ ውሃው ሲጎድል ይመለሳል። አፉን ወደ ታች ደፍቶ ጭቃውን ሲቆፍር፣ ውሃው አነስተኛ ከሆነ ጅራቱ ከላይ ብቅ ይላል። ገላው እንደ መስታወት የሥሩን አሸዋና ሣር ስለሚያንጸባርቅ ዓሣው ራሱ አይታይም፤ አጥማጁ ብዙ ጊዜ የሚያየው አሸዋው ላይ የሚንቀሳቀሰውን ጥላውን ነው። መንጠቆ ሲይዘው ወደ ጥልቁ ውሃ ይሮጣል። ይህን በሚያህል ዓሣ ላይ የማይጠበቅ ፍጥነት አለው፤ ከመቶ ሜትር በላይ ክር በአንድ ሩጫ ከማጠንጠኛው ይተረትራል።

ግሬይ በ1919 ባሳተመው «ቴልስ ኦቭ ፊሽስ» በተሰኘው መጽሐፉ ውስጥ ለዚህ ዓሣ ረጅም ምዕራፍ ሰጥቶታል። ምዕራፉ የድል ታሪክ አይደለም። ትልቅ ክፍሉ ያልተያዙ ዓሦችና ባዶ እጅ የተገባባቸው ቀናት ናቸው። ጀልባዋን በረጅም እንጨት እየገፉ ወደ ሜዳው ያስገቧታል፤ መልሕቅ ጥለው፣ ሸርጣን ወይም የትልቅ ቀንድ አውጣ ሥጋ መንጠቆ ላይ ሰክተው ይጠብቃሉ። የቦንፊሽ አነካከስ እጅግ ቀላል ስለሆነ ጀማሪው አይሰማውም፤ ሲሰማውም ዓሣው ምግቡን ወስዶ ሄዷል። ግሬይ በሌሎች ዓሦች ብዙ ልምድ የነበረው ሰው ቢሆንም እዚህ ላይ እንደ አዲስ መማር ነበረበት።

ነፋስና ብርድ

ይህን ዓሣ ማጥመድ አስቸጋሪ የሚያደርገው ከዓሣው እኩል የአየሩ ጠባይ ነው። ነፋስ ከሌለ ውሃው እንደ ብርጭቆ ይጠራል፤ አጥማጁ ዓሣውን ቢያየውም ዓሣውም ጀልባዋን፣ የሰውዬውን ጥላና የዘንጉን ብልጭታ ያያል። እግር ከጀልባዋ ጣውላ ጋር ቢጋጭ መንጋው በሙሉ ይበተናል። ትንሽ ነፋስ ውሃውን ሲያሸበሽበው ዓሣው ይደፍራል፤ ሰውዬው ግን ማየት ይሳነዋል። ስለዚህ ጥሩ ቀን የሚባለው በሁለቱ መካከል ያለ፣ ብዙም የማይቆይ ሁኔታ ነው።

ነፋሱ ሲበረታ ክሩ ጎብጦ ይረግባል፤ ያን ጊዜ የዓሣው ንክሻ ወደ እጅ አይደርስም። ጀልባዋ በመልሕቋ ዙሪያ ትዞራለች፤ ጭቃው ተነስቶ ውሃው ይደፈርሳል። ደመና ሲመጣ ደግሞ የውሃው ገጽ እንደ ቆርቆሮ ክዳን ያብለጨልጭና ከሥሩ ያለው ሁሉ ይሰወራል። ከሁሉ የከፋው ግን የሰሜን ነፋስ ነው። በክረምት ከዋናው ምድር ቀዝቃዛ አየር ሲወርድ፣ ዳርቻው ጥልቀት ስለሌለው ውሃው በአንድ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ቅዝቃዜ የማይወደው ቦንፊሽም ወደ ጥልቁ ሸሽቶ ለቀናት ላይመለስ ይችላል። ግሬይ ደሴቷ ላይ የሚሆንበት ወቅት ደግሞ በትክክል ይህ ነፋስ የሚመላለስበት ነው። በዚህ ምክንያት ከአንድ የዕረፍት ወቅት ለማጥመድ የሚያመቹት ቀናት ጥቂት ነበሩ።

መፍትሔው ጉልበት ሳይሆን ጥንቃቄ ነው። ከነፋስ የተከለለውን የደሴት ጎን መምረጥ፣ የውሃውን መሙያ ሰዓት መጠበቅ፣ ፀሐይን ከጀርባ ማድረግና አለመንቀሳቀስ ያስፈልጋል። የዘመኑ ክር ከተልባ እግር ቃጫ የተፈተለ ስለነበር በየቀኑ ተዘርግቶ ካልደረቀ ይበሰብሳል፤ ይህም በዝናባማ ሳምንት ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር።

ግሬይ ቦንፊሽን ያጠምድ የነበረው በእውነተኛ ምግብ እንጂ ከላባና ከክር በተሠራ ሰው ሠራሽ ዝንብ አልነበረም፤ ሁለቱ አንዳንዴ ስለሚምታቱ መለየቱ ይጠቅማል። በዝንብ ማጥመድ በነፋስ ጊዜ ይበልጥ ከባድ ነው። ዝንቡ ራሱ ክብደት የለውም፤ ወደ ፊት የሚወስደው የወፍራሙ ክር ክብደት በመሆኑ ከፊት የሚመጣ ነፋስ ክሩን ወደ አጥማጁ ይመልሰዋል። ቦንፊሽን በዝንብ ማጥመድ በሰፊው የታወቀው ግሬይ ከሞተ በኋላ ነው። በ1947 ጸሐፊው ጆ ብሩክስ በጂሚ ኦልብራይት መሪነት፣ ከሎንግ ኪ ብዙም በማትርቀው አይላሞራዳ አቅራቢያ ሆን ብሎ በዝንብ ቦንፊሽ ያዘ፤ ይህንንም በጽሑፎቹ አሰራጨ። ብሩክስ የተከተለው የማየት፣ የመጠበቅና ነፋስን የማንበብ ዘዴ ግሬይና ወንድሙ በዚያው ውሃ ላይ ሲለማመዱት የነበረ ነው።

የሎንግ ኪ ክለብ

በ1917 በማረፊያው የሎንግ ኪ የዓሣ አጥማጆች ክለብ ሲቋቋም ግሬይ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። የክለቡ ዓላማ አባላት ቀላል ዘንግና ቀጭን ክር እንዲጠቀሙ፣ ያለ አግባብም ዓሣ እንዳይጨርሱ ማበረታታት ነበር። በወቅቱ እንግዶች በቀን የማይበሉትን ያህል ዓሣ ይዘው ባሕሩ ዳር ይጥሉ ነበር።

ግሬይ በዚህ ነገር ራሱ ከነቀፌታ ነጻ አልነበረም። ስለ ቁጠባ የጻፈው ሰው በሌላ ጊዜ ከተሰቀለ ግዙፍ ሬሳ ዓሣ አጠገብ ቆሞ ፎቶ ይነሳ ነበር፤ እንዲህ ያሉ ፎቶዎቹ ብዙ ናቸው። ፉክክርም ይወድ ነበር። በካሊፎርኒያ ካታሊና ደሴት ቱና ክለብ አባል ሳለ፣ አንዲት ሴት እሱ ከያዘው የሚበልጥ ሰይፍ ዓሣ መያዟን ሲሰማ እውነትነቱን አጣጣለ። ክለቡ ይቅርታ እንዲጠይቅ ስላስገደደው ይቅርታ ጠይቆ ከአባልነት ወጣ።

ወንዞችና ስቲልሄድ

ግሬይ በዝንብ ማጥመድን በትጋት የተከታተለው በኦሪገን ግዛት ወንዞች ላይ ነው። ስቲልሄድ ባሕር ውስጥ አድጎ ለመራባት ወደ ወንዝ የሚመለስ ትራውት ነው፤ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ከተለቀቀው ቀስተ ደመና ትራውት ጋር አንድ ዝርያ ነው። በሮግ ወንዝ ላይ የግሬይ የመጀመሪያ ሙከራዎች በአብዛኛው ከሽፈዋል። በ1925 ወንዙን በጀልባ ተከትሎ እስከ ባሕር ወረደ፤ በማግስቱ ዓመትም ዊንክል ባር በሚባል መንገድ በሌለው ቦታ መሬት ገዝቶ የእንጨት ጎጆ ሠራ። ጎጆው ዛሬም አለ።

በወንዙ አፍ የተዘረጉት የንግድ መረቦች ዓሣውን ወደ ላይ እንዳይወጣ ሲያስቀሩት በማየቱ ተቆጣ፤ «ሮግ ሪቨር ፊውድ» የተባለው ልብ ወለዱ ስለዚሁ ግጭት ነው። ወንዙ በ1935 ለንግድ ዓሣ አስጋሪዎች ተዘጋ። ግሬይ ግን ቀደም ብሎ ወደ ሰሜን አምኳ ወንዝ ተዛውሮ ነበር። የሮግን ዝና ያናኘው እሱ ራሱ ስለነበር ሰው በዝቶ ሰላም ነሳው፤ በዚህኛው ወንዝ ላይ ስለ ቦታው ሲጽፍ ይጠነቀቅ ነበር።

ትላልቅ ዓሦች

በ1920ዎቹ አጋማሽ ግሬይ ባለ ሦስት ምሰሶ መርከብ ገዝቶ «ፊሸርማን» ብሎ ሰየማት፤ ወደ ጋላፓጎስ፣ ኒውዚላንድና ታሂቲም ተጓዘ። በኒውዚላንድ የቤይ ኦቭ አይላንድስ አካባቢ በዓለም ዓሣ አጥማጆች ዘንድ የታወቀው በአብዛኛው በእሱ መጽሐፍ ነው። በ1930 በታሂቲ ባሕር 1,040 ፓውንድ (472 ኪሎ ግራም ገደማ) የሚመዝን ማርሊን ያዘ። በዘንግና በክር ከሺህ ፓውንድ በላይ የሆነ ዓሣ ሲያዝ የመጀመሪያው ነበር፤ ነገር ግን ከመውጣቱ በፊት ሻርኮች ቦጭቀውት ስለነበር ሙሉ የሪከርድ ክብር አላገኘም።

ቤተሰብ

ግሬይና ዶሊ ሮመር፣ ቤቲና ሎረን የተባሉ ሦስት ልጆች ወለዱ። ዶሊ ጽሑፎቹን ታርማለች፣ ሰዋስዉን ታስተካክላለች፣ ከአሳታሚዎችና ከፊልም ኩባንያዎች ጋር ትዋዋላለች፤ ገቢው ለሁለት እኩል ይካፈል ነበር። ያለ እሷ ግሬይ የታወቀ ደራሲ ይሆን ነበር ለማለት ያስቸግራል። እሱ ግን በዓመት ውስጥ ለወራት ከቤት ይርቃል፤ በጉዞዎቹም ሌሎች ሴቶች አብረውት ይሄዱ ነበር። ዶሊ ይህን ታውቃለች፤ ትዳሩ ግን አልፈረሰም። ግሬይ ዕድሜውን ሙሉ ከባድ የመንፈስ ጭንቀት ይመላለስበት ነበር፤ ባሕርና ወንዝ ዳር ሲሆን ይቀልለው ነበር።

የመጨረሻ ዓመታት

ከ1929 የኢኮኖሚ ውድቀት በኋላ ገቢው ቀነሰ፤ የመርከብና የጉዞ ወጪው ግን አልቀነሰም። ሴፕቴምበር 2 ቀን 1935 እስካሁን አሜሪካን ከመቱት አውሎ ነፋሶች ሁሉ ኃይለኛ ከሚባሉት አንዱ በፍሎሪዳ ደሴቶች ላይ ወረደ። ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተዋግተው በመንገድ ሥራ ተቀጥረው የነበሩ የቀድሞ ወታደሮች ናቸው። የባቡር ሐዲዱ በብዙ ቦታ ተጠራርጎ ተወሰደ፣ ከዚያ በኋላም አልተጠገነም። የሎንግ ኪ ማረፊያ ከነጎጆዎቹ ጠፋ።

በ1937 ግሬይ በሰሜን አምኳ ወንዝ ላይ ሳለ ስትሮክ መታው። በከፊል አገግሞ እንደገና ወደ ባሕር ቢወጣም፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በካሊፎርኒያ አልታዲና በሚገኘው ቤቱ በልብ ሕመም ሞተ። ዕድሜው 67 ነበር። ዶሊ በ1957 ስታርፍ የሁለቱም አስከሬን አመድ በላካዋክሰን መቃብር በአንድነት ተቀበረ። በዚያች መንደር የነበረው ቤታቸው ዛሬ ሙዚየም ነው።

ከሞቱ በኋላ

ሳይታተሙ የቀሩ ብዙ ጽሑፎች ስለነበሩ መጻሕፍቱ ከሞቱም በኋላ ለብዙ ዓመታት መውጣታቸውን ቀጠሉ። ሎንግ ኪ አሁን የፍሎሪዳ ግዛት ፓርክ ሲሆን፣ በአጠገቡ ያለች አንዲት የባሕር ወሽመጥ ዜን ግሬይ ክሪክ ትባላለች። ከ2013 ጀምሮ በፍሎሪዳ የተያዘ ቦንፊሽ በሕይወት እንዳለ ወደ ውሃው እንዲመለስ ሕጉ ያዛል።